ሌሚ ላይ የሌላ ሰርቨር ኮሚኒቲ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው? ራሴን አዞረኝ

የቀበናው

ሰላም ለሁላችሁ። ሬዲት እየሰለቸኝ ሲመጣ ሌሚ ላይ አካውንት ከፈትኩ፣ እንደ ሬዲት በየርዕሱ ኮሚኒቲ ያለው፣ ግን በአንድ ኩባንያ ሳይሆን በብዙ የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ ነው። "ትልልቆቹ ሰርቨሮች ላይ አትከመሩ፣ ትንሽ ምረጡ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይገናኛል" ሲባል ሰምቼ ትንሽዬ ሰርቨር መረጥኩ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው የመጣው ኮሚኒቲ ልቀላቀል ስል ነው። ስለ ሊኑክስና ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ጎግል ላይ ስፈልግ አንድ ደስ የሚል ኮሚኒቲ አገኘሁ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ። ሊንኩን ስነካው ገጹ ተከፈተ፣ ሰብስክራይብ የሚለውን ስጫን ግን ሎግ ኢን አድርግ አለኝ። ስሜንና ፓስወርዴን አስገባሁ፣ አላውቅህም አለ። እንዴ! ሁሉም ይገናኛል አልተባለም? ከዛ ወደ ራሴ ሰርቨር ተመልሼ የኮሚኒቲውን ስም ሰርች ባደርግ ጭራሽ የለም። እዛኛው ላይ ስንት ሰው ያወራበታል፣ እኔ ጋ ሲመጣ እንዳልተፈጠረ ነው።

ምን ይሻላል? ለየሰርቨሩ አዲስ አካውንት ልክፈት ነው? ደግሞ "እንደ ኢሜይል ነው" እንዳትሉኝ። የትም ስገባ የሚነግሩኝ እሱን ነው፣ ምንም አልረዳኝም።

ጥቁር_ተርሚናል

አዲስ አካውንት አያስፈልግህም። ወደ እነሱ ሰርቨር አትሂድ፣ ኮሚኒቲውን ወደ አንተ ሰርቨር ጥራው። አካውንትህ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ሰርቨር ላይ እንደማንኛውም መንገደኛ አንባቢ ነህ፣ እዛ ሆነህ የትኛውንም ቁልፍ ብትጫን ሎግ ኢን ነው የሚልህ።

እንዲህ አድርግ። ሎግ ኢን ባልክበት በራስህ ሰርቨር ሰርች ክፈት። ስሙን ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን ጻፍ፦ መጀመሪያ ቃለ አጋኖ (!)፣ ቀጥሎ የኮሚኒቲው ስም፣ ቀጥሎ @፣ ከዛ የሰርቨሩ ስም፣ መሀሉ ክፍት ቦታ ሳይኖር። ይሄ ከከበደህ የኮሚኒቲውን ሊንክ እንዳለ ኮፒ አድርገህ እዛው ሰርች ላይ ለጥፈው። መጀመሪያ ላይ ምንም አልተገኘም ሊልህ ይችላል፣ እንዳትተወው፣ ሰርቨርህ ገና ሄዶ ሊያመጣው ነው። ትንሽ ቆይተህ ድገመው። ሲመጣ ከፍተህ ሰብስክራይብ በል፣ አለቀ።

ስሙን ብቻ ስትጽፍ ያጣኸው ለምን መሰለህ፣ ሰርቨርህ የሚያውቀው እዛው ካሉ ተጠቃሚዎች አንዱ ከዚህ በፊት የጠራውን ኮሚኒቲ ብቻ ነው። የሁሉንም ሰርቨር ኮሚኒቲ የያዘ ማዕከላዊ መዝገብ የሚባል የለም። ትልልቆቹ ላይ ያለ ሰው ይሄ ብዙም አይገጥመውም፣ የሚፈልገውን ከሱ በፊት ሌላ ሰው ጠርቶለታል። "ትንሽ ምረጡ" የሚሉት ሰዎች ይቺን አይነግሩህም።

በየጊዜው አድራሻ መቅዳት ካስጠላህ ሌሚቨርስ ዶት ኔት የሚባል ድረ ገጽ አለ። ከየሰርቨሩ ኮሚኒቲ ሰብስቦ የሚዘረዝር ነው። የራስህን ሰርቨር ስም አንዴ ትነግረዋለህ፣ ከዛ በኋላ የምትነካው ሊንክ በራስህ ሰርቨር በኩል ይከፈትልሃል።

የቀበናው

ሠራ! ተባረክ። ግን አሁን ሌላ ጉድ መጣ። ገጹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ፖስቶች አሉ፣ ኮሜንቱ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ያንኑ ፖስት እዛኛው ሰርቨር ላይ ስከፍተው ሰው ሲከራከርበት ያድራል። ሰብስክራይብ ያልኩበት ቁልፍ ደግሞ "ፔንዲንግ" እንዳለ ቀረ። ማነው የሚያጸድቀው? እዛ የሚያየው ሰው አለ?

ሰርቨር_ጠባቂ

ትንሽ ሰርቨር አስተዳድራለሁ፣ ይሄ ጥያቄ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ይመጣል።

መጀመሪያ ባዶነቱ። ኢሜይል እንዳትሉኝ ማለትህ ልክ ነህ፣ ምሳሌው እዚህ ጋ ይሰበራል። ኢሜይል ስትልክ ሰርቨርህ ተቀባዩን አስቀድሞ ማወቅ የለበትም፣ የምታነበውም የተላከልህን ነው። እዚህ ግን የምታነበው የኮሚኒቲውን ቅጂ ነው። ቅጂው የሚቀመጠው ራስህ ሰርቨር ላይ ነው፣ በደንብ መሞላት የሚጀምረውም ከሰርቨርህ አንድ ሰው ሰብስክራይብ ካለበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ኮሚኒቲውን ስትጠራው ሰርቨርህ የቅርብ ጊዜ ጥቂት ፖስቶችን ያመጣል፣ የድሮ ኮሜንትና ድምፅ (ሰው ፖስቱን ወደድኩ ወይም ጠላሁ ያለበት) ግን አብሮ አይመጣም። አንተ የመጀመሪያው ጠሪ ስለሆንክ ነው ባዶ ቤት የገባኸው። ከዛሬ ጀምሮ የሚለጠፈው ከነኮሜንቱ ይደርስሃል። አንድ የተለየ የድሮ ፖስት ካማረህ የሱን ሊንክ ሰርች ላይ ለጥፈው፣ ያንን ፖስት ያመጣልሃል። በሱ ስር ያለ የምትፈልገው ኮሜንትም ካለ እንደዛው፣ በየሊንኩ። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

ፔንዲንግ ደግሞ ሰው አይደለም የሚያጸድቀው። ያንተ ሰርቨር "ልከተል" የሚል መልእክት ይልካል፣ ያኛው "እሺ" ብሎ ይመልሳል። መልሱ እስኪመጣ ቁልፉ ፔንዲንግ ይላል። ያኛው ሰርቨር ሥራ በዝቶበት ከሆነ ወይም መልሱ መንገድ ላይ ከጠፋ እንደዛው ይቀራል። ሰርዘህ እንደገና ሰብስክራይብ በል። አንዳንዴ ደግሞ ፔንዲንግ እያለም ፖስቱ ይገባል፣ ስለዚህ ቁልፉን ሳይሆን አዲስ ፖስት መምጣቱን እይ።

መዘግየት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። አውስትራሊያ ያለው ኦሲ ዶት ዞን የሚባል ሰርቨር አውሮፓ ካለው ትልቅ ሰርቨር ከሌሚ ዶት ወርልድ የሚመጣለት ፖስት በቀናት የሚዘገይበት ጊዜ ነበር። ሌሚ ወደ አንድ ሰርቨር የሚላከውን ሁሉ ተራ በተራ ነበር የሚልከው፣ አንዱ ደረሰ ሳይባል ሁለተኛው አይነሳም። ከአውሮፓ አውስትራሊያ ደርሶ መልስ ለአንድ መልእክት የሰከንድ ሽራፊ ነው፣ በቀን የሚላከው ድምፅና ኮሜንት ሲደማመር ግን ወረፋው አያልቅም። በ2024 መጨረሻ ገደማ በወጣው 0.19.6 በተባለው የሌሚ እትም ላይ ነው ጎን ለጎን መላክ የተቻለው። ሩቅ ያሉ ሰዎች ስንት ጊዜ ጮኸው ነው እዚህ የተደረሰው።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጥ። የሰርቨርህ ገጽ ግርጌ ላይ የተገናኛቸውንና ያገዳቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር ሊንክ አለ። ያኛውም ላይ እንደዛው አለ። አንዱ ሌላውን ካገደ የፈለግከውን አድራሻ ብትጽፍ አይመጣም፣ ለምን እንዳልመጣም አይነግርህም።

ማሂ_22

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ኮሚኒቲ ለመቀላቀል ነው?? ቴሌግራም ላይ አንድ ሊንክ እነካለሁ፣ ጆይን እላለሁ፣ የድሮውን ወሬ ከላይ ጀምሬ አነባለሁ። እዚህ ቃለ አጋኖ ጻፍ፣ ጠብቅ፣ ድገም፣ ግርጌ ሄደህ ማን ማንን እንዳገደ እይ። ለናንተ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ እናት ይሄን ማን ያስረዳታል? በየዓመቱ "ተጠቃሚ አልመጣም" እያሉ ያለቅሳሉ፣ በሩ ላይ ፈተና አስቀምጠው።

ጥቁር_ተርሚናል

እህቴ በሩ ላይ ልክ ነሽ፣ አልከራከርሽም። ሊንኩን ስትነኪ "ሰርቨርሽ የትኛው ነው?" ብሎ ጠይቆ ወደ ራስሽ ቤት ሊመልስሽ ይችል ነበር። ማስቶዶን እኮ፣ እንደ ትዊተር ያለው ግን በብዙ ሰርቨር የሚሠራው፣ ይሄን ያደርጋል። የሌላ ሰርቨር ሰው ፎሎው ስትይ ትንሽ መስኮት ይከፍትና የሰርቨርሽን ስም ይጠይቅሻል። ለስንት ዓመት የታወቀ ችግር ነው።

ቴሌግራም ቀላል የሆነው ግን አንድ ቤት ስለሆነ ነው። ሁሉም ነገር እነሱ ጋ ነው፣ የሚዘጋውም እነሱ ሲዘጉት ነው፣ ወይም ሌላ ሰው ሲዘጋባቸው። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ እዚህ አገር ሲታገዱ ለወራት ሁላችንም ቪፒኤን ስናሳድድ አልነበር?

ማሂ_22

ነበር። ግን ሌሚም ቢሆን እኮ ሰርቨሩ ውጭ አገር ነው ያለው። ማገድ የፈለገ እሱንም ያግደዋል። ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ ደግሞ ያንተ ፌዴሬሽን፣ ይሄ የሰርቨሮቹ እርስ በርስ መገናኘት፣ ምን ያደርግልሃል?

ጥቁር_ተርሚናል

እሱስ እውነት ነው። ብዙ ሰርቨር ስላለ ሁሉንም አንድ በአንድ ማሳደድ ይከብዳል ነው ልል የምችለው፣ ከዛ በላይ አይደለም። ለእድር ማስታወቂያ ወይም ለዘመድ ግሩፕ ከሆነ ቴሌግራምሽን አትልቀቂ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ

ከዲሲ አካባቢ ነኝ፣ ሌሚ የለኝም፣ ማስቶዶን ነው ያለኝ። ከማስቶዶንም የሌሚ ኮሚኒቲ መከተል ይቻላል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰርች ላይ በቃለ አጋኖው ፈንታ @ አድርጋችሁ አድራሻውን ስትጽፉ ኮሚኒቲው እንደ አንድ ሰው አካውንት ሆኖ ይመጣል። ፎሎው ትሉታላችሁ። አዲስ ፖስት እዛ ለመጀመር ደግሞ ጽሑፋችሁ ውስጥ የኮሚኒቲውን አድራሻ ትጠቅሳላችሁ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ርዕስ ትሆናለች።

ግን ማስጠንቀቂያ! ኮሚኒቲው ፖስቱን ብቻ ሳይሆን በስሩ የሚጻፈውን ኮሜንት ሁሉ ነው የሚያስተላልፈው። ሞቅ ያለ ኮሚኒቲ ከተከተላችሁ በነጋታው ታይምላይናችሁ ላይ ጓደኞቻችሁን ማግኘት አትችሉም፣ የማያውቋችሁ ሰዎች ጭቅጭቅ ብቻ ነው። እኔ ዝም ያለውን መርጬ ነው የምከተል፣ ጫጫታ ያለውን በብራውዘር ሄጄ አነባለሁ።

ሃሽታግም ላይ ያው ችግር አለ። አማርኛ ሃሽታግ ስነካ የሚመጣልኝ የእኔ ሰርቨር የሚያውቀው ብቻ ነው። ስቶክሆልም ያለ አንድ አበሻ በዛው ሃሽታግ ጽፎ ከሆነና ከእኔ ሰርቨር ማንም እሱን የማይከተል ከሆነ አላየውም። ሁለታችንም ብቻችንን ያለን ይመስለናል።

የቀበናው

@ሰርቨር_ጠባቂ ሰርዤ ስመልሰው ፔንዲንጉ ጠፋ፣ አመሰግናለሁ። ስለ መታገድ ያልከውን ግን አልገባኝም። አንድ ሰርቨር ሌላውን የሚያግደው ለምንድነው? ታግዶ ከሆነስ ለምን ኮሚኒቲው አሁንም ይታየኛል? ቴክኖሎጂ የሚል ኮሚኒቲ ሦስት ሰርቨር ላይ አገኘሁ፣ አንዱ ጋ ኮሜንት ስጽፍ ማንም የማያየኝ ይመስላል።

ሰርቨር_ጠባቂ

ማንም አያይህም ይሆናል፣ በእውነት።

የታወቀውን ልንገርህ። በጁን 2023 ሬዲት በኤፒአይ (ሌሎች አፖች ከሬዲት ጋር የሚገናኙበት መንገድ) ዋጋ ምክንያት ሰው ሲያስመርር ብዙ ሕዝብ ወደ ሌሚ ፈለሰ። ቢሃው የሚባለው ሰርቨር አባል የሚሆነውን ሰው ጠይቆና መርምሮ የሚያስገባ ነው። ሌሚ ዶት ወርልድና ሌላ አንድ ትልቅ ሰርቨር ግን በራቸው ክፍት ነበር፣ ማንም ይመዘገባል። ከነሱ የሚመጣውን ሕዝብ ለመቆጣጠር የቢሃው ሞደሬተሮች (ወሬውን የሚቆጣጠሩት ሰዎች) አቅምም መሣሪያም አልነበራቸውም። ሁለቱንም ቆረጧቸው። በዛን ጊዜ ሌሚ ላይ ያለው ምርጫ ጠቅላላውን መቁረጥ ወይም ጠቅላላውን መቀበል ነበር ማለት ይቻላል፣ እኔ አልፈርድባቸውም።

አሁን ቅጂ ያልኩህን አስታውስ። የሌሚ ዶት ወርልድ ሰዎች ሰርቨር ላይ የቢሃው ኮሚኒቲዎች ቅጂ ቀድሞ ነበር። ግንኙነቱ ሲቆረጥ ቅጂው አልጠፋም። ገጹ ይከፈታል፣ ኮሜንት መጻፊያው ይሠራል፣ ጽፈህ ስትልክ ይለጠፋል። የሚያየው ግን እዛው ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። አንድ ስም ያለው ኮሚኒቲ ሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ወሬ ይዞ ቀጠለ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ። ገጹ ላይ "ይሄ ተቆርጧል" የሚል አንዲት መስመር እንኳ ቢኖር ስንት ሰው ከመለፍለፍ ይድን ነበር። በእኔ እይታ ከሁሉም የከፋው የሌሚ ጉድለት ይሄ ነው፣ ከሰርቹም ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰርቹ ቢያንስ አልተገኘም ይልሃል።

ስለዚህ ከሦስቱ ቴክኖሎጂዎች የትኛው ካንተ ጋር እንደተገናኘ ግርጌው ላይ አይተህ እሱን ያዝ። ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ ሦስት የተለያዩ ኮሚኒቲዎች ናቸው፣ በየራሳቸው ሞደሬተር የሚመሩ።

ቡናና_ባይት

ማንም ያላነሳው ነገር፦ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ የሚል አለ። እዛ እንግሊዝኛና አማርኛ ብቻ መርጣችሁ "ያልተወሰነ" የሚለውን ከተዋችሁት አብዛኛው ፖስት ከዓይናችሁ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ሰው ሲለጥፍ ቋንቋ አይመርጥም። ኮሚኒቲው ባዶ ነው ብሎ የሚያማርር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሄን ይመልከት። የምትጽፉትን አማርኛ ብላችሁ ምልክት ስታደርጉም ያው ነው፣ አማርኛን ያልመረጠ ሰው አያየውም።

@የቀበናው ሰርቨርህ ትንሽ ከሆነ ሰብስክሪፕሽንህን በየጊዜው አውርደህ አስቀምጥ። ከ0.19 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ ኤክስፖርት አለ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ስትጭነው የተቀላቀልካቸውን ሁሉ ይመልስልሃል። ጽሑፎችህ ግን አይከተሉህም። ነገሩ ቀልድ እንዳይመስልህ፣ ሰርቨር ይሞታል። ሌም ዶት ኢኢ ትልቅ ነበር፣ በጁን 2025 መጨረሻ ተዘጋ፣ አስተዳዳሪዎቹ ደክሟቸው። ኤፍኤምኤችዋይ ዶት ኤምኤል ደግሞ በ2023 ማሊ የአገሯ የሆነውን የዶት ኤምኤል ድረ ገጽ ስሞች ስትረከብ ስሙን አጣ፣ ሰርቨሩ ደህና ሆኖ። ሰርቨር ሲሞት እሱ ላይ የነበረው ኮሚኒቲ ቅጂው በየቦታው ይቀራል፣ ግን አዲስ ነገር ለሁሉም የሚያከፋፍለው የኮሚኒቲው ቤት የሆነው ሰርቨር ስለሆነ ቅጂዎቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም።

የቀበናው

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። አማርኛ የሚወራበት የቴክ ኮሚኒቲ ልክፈት እያልኩ ነበር። አሁን ይሄን ሁሉ ሳነብ እግሬ ተያዘ። ብከፍተው ማን ያገኘዋል?

ሰርቨር_ጠባቂ

ማንም፣ መጀመሪያ ላይ። ለትንሽ ቋንቋ የሚከብደው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛ ኮሚኒቲ የትም ሰርቨር ላይ የሚጠራው ሰው አያጣም። አማርኛ ግን በየሰርቨሩ አንድ አንድ አበሻ ነው ያለው፣ ያ አንድ ሰው አድራሻውን ካልሰማ ሰርች ቢያደርግ አያገኝህም፣ ባያገኝህ ደግሞ አማርኛ የለም ብሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ የመጀመሪያውን ሰው ከውጭ ነው ማምጣት ያለብህ። አድራሻውን ቴሌግራም ላይ ለጥፈው፣ ማሂ ትስቅብኛለች እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

ሌሚ ፌደሬት የሚባል አገልግሎትም አለ። ኮሚኒቲህን ስታስመዘግበው በአገልግሎቱ የታቀፉ ሰርቨሮች ላይ ያለው ቦት (በራሱ የሚሠራ አካውንት) ሰብስክራይብ ይልልሃል፣ እውነተኛ ሰው ሲመጣ ቦቱ ይወጣል። በዚህ ሰርች ላይ ትታያለህ። የምትከፍተው ደግሞ አሁን ያለህበት ትንሽዬ ሰርቨር ላይ ባይሆን ይሻላል። ቆየት ያለ፣ አስተዳዳሪው ከአንድ ሰው በላይ የሆነ፣ ወጪውን በግልጽ የሚያሳውቅ ፈልግ። አካውንትህ እዛው ትንሹ ላይ ይቆይ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ኮሚኒቲ ሞደሬተር መሆን ትችላለህ። ለመክፈት ብቻ ነው እዛኛው ላይ አካውንት የሚያስፈልግህ።

ማሂ_22

አልስቅም 😄 ሊንኩን ላከው፣ ግሩፓችን ላይ እለጥፈዋለሁ። ግን ስልክ ላይ ነው የምጠቀመው፣ ያንን ቃለ አጋኖ ምናምን እዛም መጻፍ አለብኝ?

ጥቁር_ተርሚናል

ቮዬጀር የሚባለውን አፕ አውርጂ። አንዴ ሎግ ኢን ካልሽ በኋላ አፑ ውስጥ የምትነኪው የኮሚኒቲ ሊንክ በራስሽ ሰርቨር በኩል ነው የሚከፈተው፣ ቃለ አጋኖ አያስፈልግሽም። ከቴሌግራም የመጣ ሊንክ ግን ብራውዘር ላይ ሊከፈትብሽ ይችላል፣ ያኔ ኮፒ አድርገሽ አፑ ሰርች ላይ ለጥፊው።